አባቴ አይገባውም ብዬ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩም፤ ለወንድሜም አልነገርኩም። በቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ተንበርክከው የሚጸልዩት እህቶች «ልብሽን የከበደውን አውርጂው» ሲሉኝ ስለ ደም ግፊቴ አውርቼ፣ ስለ ልጄ ትምህርት አውርቼ፣ ይህችን ብቻ ዘልያት ተነስቻለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ፊታችሁን ሳላይ መናገር ይቀለኛል፤ ይህም ራሱ ከፍርሃቴ የመጣ መሆኑን አውቃለሁ።

አባቴን ዋሽቼዋለሁ። የዋሸሁት በእናቴ ሞት ነው። መጀመሪያ የዋሸሁት አይገባውም ብዬ ነበር፤ ይህንን ዘመድ ሁሉ ያውቃል፣ ያዝንልኛልም። በኋላ ግን እንደሚገባው እያወቅኩ፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን ዋሸሁት። ይህን ሁለተኛውን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነበርን። አሁን እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።

የተወለድኩት በጋሞ ደጋ፣ ጨንቻ ነው። አባቴ ወንጌላዊ ነበር፤ ከዶርዜ ጀምሮ በደጋው ያሉትን መንደሮች በእግሩ እየዞረ ሲያስተምር የኖረ ሰው። ጭጋጉ ወርዶ ሰው ከሰው በማይተያይበት ጠዋት እንኳ ድምፁን የሰማ ሁሉ ማን እየመጣ እንደሆነ ያውቅ ነበር። መዝሙር ሲያወጣ በጋሞኛ ነበር፣ ሲያስተምር እንደ ሰሚው ነበር። እናቴ አስቴር ደግሞ ዝምተኛ ነበረች። ጓሮዋ ውስጥ የተከለቻቸው አፕሎች ነበሯት፤ ከሰው ይልቅ ከእነሱ ጋር ብዙ ታወራለች እያለ አባቴ ይስቅባት ነበር። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትሰማለች። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ኖሩ።

እኔ ተምሬ ወደ አርባ ምንጭ ወረድኩ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ሆንኩ። ቤታችን በከተማዋ ላይኛው ክፍል፣ ሴቻ ነው። ባለቤቴ ከሰሜን ለሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ መስክ ላይ ስለሚውል የቤቱን ነገር የምወስነው እኔ ነበርኩ።

ጥፋቴ የሚጀምረው ግን ከደስታ ነው። ልጄ ቤዛ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ ከሴቻ ታች ወዳለው ሲቀላ ስንወርድ የተሳፈርንበት ባጃጅ ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። እኔ ክንዴ ተላጠ። እሷ ጭንቅላቷን በግራ በኩል ተመታች። ወደ ሐዋሳ ተላክን፤ ኦፕራሲዮን ተደረገላት። ስትነቃ ቀኝ እጇ አይታዘዝላትም፣ ካፏም ቃል አይወጣም። ታየኛለች፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ከዚያ እንባዋ ይወርዳል። ወለም ዘለም የማትል፣ ቀኑን ሙሉ የምትለፈልፍ ልጅ ነበረች።

ያከማት ሐኪም ደግ ሰው ነበር። ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ሁለት ጡጫዎቹን አጋጠመና የአንጎል ሁለት ጎን እኩል ሥራ እንደሌላቸው አስረዳኝ። ብዙው ሰው የሚናገረው በግራው ጎን ነው፤ እሷ የተጎዳችው እዚያ ላይ ነው። ግን ሕፃን ናት አለኝ። በሕፃንነት የሥራው ክፍፍል ገና አልጸናም፤ ግራው ቢጎዳ ቀኙ ሊረከብ ይችላል። ሴት መሆኗስ ይረዳታል ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ አንድ ቦታ አንብቤ ነበር። ፈገግ አለ። የሴቶች ቋንቋ በሁለቱም ጎን ይበተናል የሚሉ አሉ አለኝ፤ ግን ልዩነቱ ቢኖር እንኳ ትንሽ ነው፣ ሐኪሞችም አይስማሙበትም፣ «እሱን ብዙም አይያዙት» አለኝ።

እኔ ግን ያዝኩት። ሁሉንም አጥብቄ ያዝኩት። ምክንያቱም ልጄ ተናገረች። መጀመሪያ «ውሃ» አለች፤ ቀጥሎ ስሜን፤ ከዚያ ቃል በቃል ላይ ተደራርቦ መጣ። እርሳስ በግራ እጇ መያዝ ተማረች። ዛሬ ብታዩዋት አንድ ቀን ዲዳ ሆና እንደነበር አታምኑም። ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አይቼ እንዴት አላምን? ሕፃን ስለሆነች ዳነች። ሴት ስለሆነች ዳነች። ሐኪሙ ያለውን «ይሆናል» እና «ይችላል» ከመሃሉ እያወጣሁ ጣልኩና እውነት አድርጌ አስቀመጥኩት።

ክፍል ውስጥም አስተማርኩት። ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ እሥልና ለሁለት እከፍለዋለሁ። ግራው ይናገራል፣ ቀኙ ይዘምራል። ወንድ በአንድ ጎን ነው የሚያወራው፣ ሴት በሁለቱም። ሴቶቹ ያጨበጭቡ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ ጠየቀኝ። «ቲቸር፣ ወንድ ሆኖ፣ አርጅቶ፣ በግራ በኩል ቢመታስ?»

«እሱማ አለቀለት» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

አባቴ የወደቀው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ነው። ሰው እየተሰነባበተ ሳለ እጁን ሊዘረጋ ሲል ቀኝ እጁ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ አፉ ተጣመመ፤ ሰው እቅፍ ውስጥ ወደቀ። በመኪና ወደ አርባ ምንጭ አወረዱልኝ። ሆስፒታል ተመርምሮ በግራ አንጎሉ ያለ የደም ሥር መዘጋቱ ታወቀ። ሕይወቱ ተረፈ፤ ቀኝ እግሩን እየጎተተ መራመድ ጀመረ። ንግግሩ ግን ሄደ። ከዚያ ሁሉ ቃል፣ ከዚያ ሁሉ ስብከት የቀረችው አንዲት ቃል ነበረች፤ «እሺ»። ሲርበው «እሺ»፣ ሲናደድ «እሺ»፣ እምቢ ሲልም «እሺ»።

ሐኪሞቹ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው ብለው ስለመከሩን እኔ ቤት አስቀመጥነው። እናቴም አብራው ሰነበተች። እሷ እነዚያን እሺዎች ትለያቸው ነበር። እኔ ሁሉም አንድ ሆነው ሲሰሙኝ እሷ ከወጥ ቤት ሆና «መስኮቱን ክፈቱልኝ ነው የሚለው» ትላለች፤ ከፍቼ አየዋለሁ፣ ፊቱ ያርፋል። ማታ ማታ አጠገቡ ተቀምጣ በጋሞኛ ታወራዋለች፤ ስለ አፕሎቹ፣ ስለ ጎረቤት፣ ማን እንዳገባ፣ ማን ላም እንደሸጠ። ሕይወቱን ሙሉ ሲናገር የኖረው ሰው አሁን ይሰማል፤ ስትሰማ የኖረችው ሴት ትናገራለች። ያኔ ውበቱ አልታየኝም። ያኔ የታየኝ ለማይገባው ሰው የምትደክም እናት ናት።

አንድ ቀን አልኳት። እማ፣ በከንቱ ነው የምትደክሚው፣ ይህ ጎን አንድ ጊዜ ከተመታ በእሱ ዕድሜ አይመለስም፣ ወንድም ነው፣ የቤዛ ነገር ሌላ ነው አልኳት። ይህን ያልኩት እሱ ባለበት ነው። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ፣ ከጭንቅላቱ በላይ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ሁሉንም ይሰማል» አለች። «ቃሉን ነው ያጣው እንጂ እኛን አላጣንም። ዝም ብለሽ አውሪው።»

አላወራሁትም። እመግበዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ እሰጠዋለሁ፤ እንደ ሕመምተኛ አልበደልኩትም። እንደ አባት ግን አላወራሁትም። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ እኔ እመልስለታለሁ። «እንዴት ነህ?» ይሉታል፤ እሱ አፉን ሳይከፍት «ደህና ነው» እላለሁ። አንዳንዴ በጥሩ እጁ የቀሚሴን ጫፍ ይይዘኝና «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ይላል፣ የሚለው ነገር ኖሮት። «በቃ አባባ፣ አረፍ በል» እለውና እጁን አላቅቄ እሄዳለሁ።

እናቴ ቤቷን ብዙ መተው ስላልቻለች ወደ ጨንቻ ተመለሰች፤ በየሳምንቱ መጨረሻ በሚኒባስ እየወረደች ትጠይቀው ነበር። የምትመጣበትን ቀን እሱ ያውቃል። ጠዋት ጋቢውን ትከሻው ላይ ያደርግና ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጣል። የሴቻ ሙቀት ጋቢ የሚያስለብስ አይደለም። ያቺን ጋቢ የሚለብሳት ለእሷ ነበር።

በክረምቱ እናቴን ብርድ መታት። ሳንባ ምች ነበር፤ እኛ ጉንፋን ነው ብለን ተዘናጋን፤ እሷም እንደ ልማዷ ምንም አላለችም። ወንድሜ ታምራት ሲቀላ ነው የሚነግደው፤ ሊያመጣት በወጣበት ቀን ቤቷ ሳይደርስ አረፈች። ስልክ ሲደውልልኝ ሳሎን ነበርኩ። ጮኼ ማልቀስ ፈልጌ አፌን በመዳፌ ያዝኩ። አልቅሰን አልቅሰን ስናበቃ ታምራት አባባንስ እንዴት እናድርግ፣ ይዘሽው ትመጫለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

እኔም መለስኩ። «ተወው። አይገባውም። የሚገባው ጎን ሞቷል።»

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላዘዘኝም። ታምራት «አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝ፤ የተማርኩት እኔ ነኝና። ቤዛን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ፣ አባቴን የሚያግዘው ሰው አስቀምጬ፣ ወደ ደጋው ወጣሁ። እናቴን በዝናብ ቀበርናት። ለቀስተኛው ሁሉ «ወንጌላዊውስ?» እያለ ይጠይቃል፤ እኔ ግራና ቀኙን እያስረዳሁ እመልሳለሁ። በእናቴ ቀብር ላይ ቆሜ የአንጎል ትምህርት አስተማርኩ። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አዘኑልኝ። አንዲት አሮጊት ብቻ አጥብቃ ያዘችኝና «ባልየው ሳያለቅስላት?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም ልጻፈው። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ሁሉ ታምራት ቤት እንዲሄድ አስነገርኩ። ከቤት ስወጣ ጥቁር ሻሼን ጎረቤት ቤት አስራለሁ፤ ስመለስ እዚያው እፈታለሁ። አበባ ያለበትን ሻሽ አስሬ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ወደ አባቴ እገባለሁ። ቤዛንም ዝም አሰኘኋት። እኔን አክብራ ምስጢሩን ያዘች፤ ግን አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ። «እማ፣ እኔ መናገር ባልቻልኩ ጊዜ ሁሉም ይገባኝ ነበር። ተበላሸች ብለሽ ለአክስቴ ስትነግሪያት ሰምቻለሁ።»

ደነገጥኩ። አቀፍኳት። ግን ራሴን አጽናናሁ፤ እሷ ልጅ ነበረች፣ ሴት ናት፣ እሱ ሌላ ነው ብዬ። አያችሁ እንዴት እንደያዘኝ? ልጄ ራሷ ከዚያ ጨለማ ወጥታ እየመሰከረች፣ እኔ ሰሌዳው ላይ የሣልኩትን ክብ አመንኩ።

አባቴ በየሳምንቱ መጨረሻ ጋቢውን ለብሶ ወደ በሩ ዞሮ ይቀመጥ ነበር። ከዚያ እየቀነሰ ሄደ። አንድ ጊዜ አውልቆ አጠፋትና አልጋው ግርጌ አስቀመጣት፤ ዳግመኛ አላነሳትም። ረሳት አልኩ። ይኸው፣ መርሳት ጀመረ አልኩ።

ቤዛ ግን ከእሱ አልራቀችም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቡ ትቀመጥና የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙሮቿን ትዘምርለታለች። መጀመሪያ ያንጎራጉር ነበር። ከዚያ ዜማው መሃል ቃል መውጣት ጀመረ፤ እሱ የሚያውቃቸው የጋሞኛ መዝሙሮች፣ ስንኝ በስንኝ። ቤዛ እየሮጠች ጠራችኝ። እስኪጨርስ ቆሜ ሰማሁ። ግን አስተማሪ ነኝና አስረዳኋት። መዝሙር በቀኙ ጎን ነው የሚቀመጠው፣ እንደ ቴፕ ነው፣ ሲከፈት ይወጣል፣ ትርጉም የለውም አልኳት።

አሁን ወደዚያች ከሰዓት በኋላ ደረስኩ።

ቤዛ ትምህርት ቤት ነበረች፣ ባለቤቴ መስክ ነበር። ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። በረንዳው ላይ አስቀምጬ እግሩን በለብ ያለ ውሃ አጥበው ነበር። ታች ሐይቁ ይታያል። አባቴ መዝሙር ጀመረ፤ እናቴ የምትወደውን። ስንኙን ጨረሰና ዜማውን ሳያቋርጥ፣ በመዝሙሩ ቃል ፋንታ ሌላ ቃል አስገባ። ቀስ ብሎ፣ እየታገለ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ እየወጣ። በጋሞኛ ነበር። በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ነው፤

«አስቴር የት ናት? አስቴሬ የት ናት?»

ቀና አልኩ። እያየኝ ነበር። የዓይን ነገር ትምህርት አይፈልግም። ያ ዓይን ልፈተን ስሄድ ጨንቻ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲሸኘኝ የነበረ፣ ውጤቴን ይዤ ስመጣ ከሩቅ ያየኝ የአባቴ ዓይን ነበር፤ ሙሉ ነበር። ያ ቴፕ አይደለም። ያ ቀኝ ጎን፣ ግራ ጎን አይደለም። ባል ሚስቱን እየጠየቀ ነበር። ገባኝ። ወዲያው፣ አንድም ነገር ሳይጎድል ገባኝ።

እኔም እግሩን እንደያዝኩ «ጨንቻ ናት አባባ፣ ደህና ናት፤ መንገዱ ስለተበላሸ ነው» አልኩት።

ለምን? ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ይጎዳዋል ብዬ ነው ብላችሁ ታዝኑልኝ ይሆናል። አይደለም። ፈርቼ ነው። እውነቱን ብነግረው፣ እነዚያን ሁሉ ወራት ሻሽ እየቀያየርኩ ማን ፊት ስገባ እንደነበር መንገር ሊኖርብኝ ነው። በቀብሩ ላይ የተናገርኩት ሁሉ ሊፈርስ ነው። ትክክል ሆኜ መቅረት ፈለግኩ። አባቴ አንድ ዓረፍተ ነገር ለማውጣት በዜማ ተንጠልጥሎ ያን ያህል ሲታገል፣ እኔ አፌ ላይ የመጣውን ውሸት ያለ ምንም ድካም ተናገርኩት።

«እሺ» አለ። ወደ ሐይቁ ዞረ። እግሩን አደረቅኩለት።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ሆስፒታሉ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ የመጣች፣ ንግግር ያጡ ሰዎችን የምታሠለጥን ወጣት ሐኪም እንዳለች ሰምቼ ወሰድኩት። ለእሱ ብዬ አልወሰድኩትም፤ ይህንንም ልናዘዝ። የወሰድኩት እንድታስተባብልልኝ ነው። «ዜማ ነው እንጂ አልገባውም» የሚል ሰው ፈልጌ ነው።

ሐኪሟ እኔን ሳይሆን እሱን ነበር የምታወራው። ወንበሯን ወደ እሱ አስጠግታ፣ በቀስታ፣ በአክብሮት። በሩን ያሳዩኝ አለችው፤ አሳያት። ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ጨፈነ። በራስዎ እየነቀነቁ አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ አለችው። ወንጌላዊ ነበሩ? አዎ። ይህቺ ልጅዎ ናት? አየኝና አዎ አለ። ከዚያ የግድግዳውን ቀለም እንደምትጠይቅ ያህል ሳታስበው ጠየቀችው።

«ባለቤትዎ በሕይወት አሉ?»

አባቴ ወደ እኔ አላየም። መሬት መሬቱን እያየ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ «ልክ ናቸው?» አለችኝ። ልክ ነው አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ሁሉም በደንብ ይገባቸዋል አለችኝ፣ ደስ ብሏት። በዕድሜውና በወንድነቱ ምክንያት አይመለስም ብዬ እንደነበር ስነግራት አልወቀሰችኝም። ወንድና ሴት፣ ወጣትና ሽማግሌ እየተባለ የሚነገረው ስለ ብዙ ሰው አማካይ ነው፣ ስለ አንድ ሰው አይናገርም አለች። እንዲያውም ሰው እያረጀ ሲሄድ ሁለቱ ጎኖች ይበልጥ እየተጋገዙ ይሠራሉ የሚሉ አሉ አለችኝ። «ዋናው ግን የሚያወራቸው ሰው ማግኘታቸው ነው።»

የሚያወራው ሰው ነበረው። እሷን ነው የቀበርኩበት።

ቤት ስንደርስ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩትና እግሩ ሥር ቁጭ አልኩ። መቼ እንዳወቀ ጠየቅኩት። በጥሩ እጁ ወደ ሳሎን፣ ስልክ ሳወራ ወደነበርኩበት ወንበር አመለከተኝ። ከመጀመሪያው ቀን። በሩ ክፍት ነበር። የእናቴን ሞት ሰምቷል፤ «የሚገባው ጎን ሞቷል» ያልኩትንም ሰምቷል። እኔ ለቅሶ ስወጣ እሱ እዚያ አልጋ ላይ ለብቻው፣ ማንም «እግዚአብሔር ያጽናህ» ሳይለው ቀረ። በየሳምንቱ ጋቢውን ሲለብስ የነበረው፣ አያውቅም ብዬ ነበር እንጂ፣ መሞቷን እያወቀ ነበር፤ በሐዘን ወግ እየጠበቃት። በረንዳው ላይ የጠየቀኝም ለማወቅ አልነበረም። እንድነግረው ዕድል እየሰጠኝ ነበር። ልጁ እውነቱን እንድትነግረው ያን ሁሉ ላብ አፈሰሰ፤ እኔ ዕድሉን ጣልኩት።

አለቀስኩ። ይቅር በለኝ አልኩት፤ ደጋግሜ አልኩት። ጥሩ እጁን ራሴ ላይ ጫነና አቆየው፤ ሕፃን ሆኜ ሲባርከኝ እንደነበረው። ከዚያ እሱም አለቀሰ። ለእናቴ ሰው ፊት ያለቀሰው ያኔ ነው፤ እኔ አጠገቡ ሆኜ።

ወደ ጨንቻ አወጣነው። መቃብሯ ላይ ከታምራት ጋር ደግፈን አቆምነው፤ ብዙ ቆየ። ከዚያ በኋላ አወራሁት። እየመገብኩ አወራዋለሁ፣ እያጠብኩ አወራዋለሁ፣ ስለ ተማሪዎቼ፣ ስለ ዋጋ ውድነት፣ ስለማንኛውም ነገር። ቃላት አንድ አንድ እያሉ ተመለሱለት። ብዙ አልነበሩም። እያንዳንዷ ቃል ስትወጣ ፊቱ ያልበዋል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፤ እኔና ቤዛ ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን።

ለእናቴ ሙት ዓመት ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ። ምሳ ላይ ያለፈውን ሁሉ አነሱ። ታምራት እኔን አመሰገነ፤ አባባን እንዳላስጨንቀው ብላ ሐዘኗን ለብቻዋ ተሸከመች፣ ስንት ወር ደብቃ ተሰቃየች አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ እያየ ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ታምራት ወደ አባቴ ዞረ።

«አባባ፣ ያኔ አልገባህም ነበር፣ አይደል?»

ጉርሻዬን አስቀመጥኩ። ይናገራል አልኩ። መናገር ይችላል፤ መብቱም ነው። አባቴ አፉን ከፈተ፣ ቃሉን ፈለገው፣ አጣው፣ እንደገና ፈለገው። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ሕይወቱን ሙሉ ውሸት ከአፉ ያልወጣ ሰው፣ ካሉት ጥቂት ቃላት አንዷን አወጣና ለእኔ ከፈለልኝ።

«አልገባኝም» አለ።

ሁሉም በጥረቱ ተደስተው አጨበጨቡለት። እኔ ውጪ ወጣሁ።

አባቴ አምና አረፈ። በሰላም ነው የሄደው፤ ቤዛ እጁን ይዛ ነበር። ያቺን የበረንዳ ቀን በእኔና በእሱ መካከል እንደተዋት አንድም ጊዜ አላነሳብኝም። ይቅር እንዳለኝ አውቃለሁ። ስለ እሱ የምለምናችሁ ነገር የለኝም፤ ይህን ጽሑፍ ለታምራትና ለቤዛ አነብላቸዋለሁ፣ የሚሉኝንም እሰማለሁ።

አንድ ሰው ግን ይቅርታ ሳልጠይቅ ኖሬያለሁ። እማ፣ በአባባ ነገር ስጨነቅ አንቺን ረሳሁሽ። ያ ሁሉ ዘመን ዝም ብለሽ የሰማሽው ሰው፣ ባንቺ ቀን ስለ አንቺ አንድ ነገር ሊናገር ይገባው ነበር። በቀብርሽ ቀን ቆሞ ቢሸኝሽ ኖሮ ያቺን «እሺ» ይላት ነበር፤ አንቺም ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቂያት ነበር። እኔ ከለከልኩሽ። አውቃለሁ ብዬ ከለከልኩሽ። ምክንያት አላቀርብልሽም። ልጅሽ ነኝ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው።